ስኬጁሉ ለማን ነው የሚሠራው?

የግንባታ መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬም በአብዛኛው ስኬጁል መሥራት ነው። በጨረታ ሰነድ መጨረሻ ላይ ተጠርዞ የሚገባው፣ በቀለም ያሸበረቀው ሠንጠረዥ የእኔ ቢጤዎች ሥራ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን የሚገልጠው ሰው ጥቂት ነው። ፎርማኑ አያየውም፤ ብረት አሳሪው ፌራዮ መኖሩንም አያውቅም። የሚታወሰው የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቅ ነው። ታሪኩን ሳገላብጥ ይህ አመል ከእኛ እንዳልጀመረ አየሁ።

የሠንጠረዡ አባት ተብሎ የሚጠራው አሜሪካዊው ሄንሪ ጋንት ነው፤ ባር ቻርቱም በስሙ ይጠራል። ከእሱ ቀድሞ ግን በ1896 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ካሮል አዳሚየትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የብረታ ብረት መሐንዲስ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ በራስጌውም ከየትኛው ሥራ በኋላ እንደሚመጣና የትኛው ሥራ እሱን እንደሚጠብቅ ይጽፋል። አንዱ ሥራ ሲዘገይ ተከታዮቹ ወረቀቶችም አብረው ይንሸራተታሉ። ጽሑፉ በምዕራባውያን ቋንቋዎች ስላልወጣ ዓለም የያዘው የጋንትን ነው። ለእኔ አዳሚየትስኪ ይበልጣል፤ የጋንት መስመሮች ማን ማንን እንደሚጠብቅ አያሳዩም።

ይህን መጠባበቅ በሥራ ላይ ካዋሉት ውስጥ የኒው ዮርኩን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ የሠሩትን የሚያህል አላውቅም። ግንባታው በማርች 1930 ተጀምሮ 102 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሜይ 1 ቀን 1931 ተመረቀ። የሚደንቀኝ ፍጥነቱ አይደለም። ለብረቱ ሥራ ባወጡት መርሐ ግብር ላይ ከተከላው ቀን ፊት ሌሎች ቀኖች ተደርድረው ነበር፤ አርክቴክቱ መረጃ የሚሰጥበት፣ ብረቱ ለፋብሪካ የሚታዘዝበት፣ የፋብሪካው ንድፍ የሚያልቅበትና ጭነቱ ሳይት የሚደርስበት። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ራሱ የጊዜ ገደብ ያለበት ሠራተኛ ነበር። በየፎቁ ትንንሽ ሐዲድ ዘርግተው ዕቃውን በጋሪ ያመላልሱ ነበር፤ ምሳም እዚያው ላይ ይሸጥ ነበር። 57,000 ቶን ገደማ የሚመዝነው ብረት ከታቀደለት ቀን ቀድሞ ቆመ። በርግጥ ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ፈላጊ፣ ዕቃውም ርካሽ ነበር። በመዝገብ እንኳ 5 ሰዎች ሞተውበታል። ይህን ሳይናገሩ ማድነቅ ነውር ነው።

እኛ ሳይት ግን የንድፍ ቀን ስኬጁል ውስጥ አይገባም። አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) የሚሞላበትን ቀን ሐሙስ ብዬ ስናገር አንድ አንጋፋ ፌራዮ እንዲህ አለኝ፦ «ኢንጂነር፣ ፌሮውን ዛሬ ብታመጣልኝ እንኳ ሐሙስ አትሞላም። የኤሌክትሪክ ሰዎቹ ቱቦ ሳይቀብሩ አርማታ ይፈስሳል እንዴ?» የኤሌክትሪኩ ንድፍ ከአማካሪው ቢሮ ገና አልወጣም ነበር። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ቀን እሱ በቃሉ ያውቀዋል።

በ1957 የዱፖንት ኩባንያ ሰዎች ከኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጋር ሆነው የአዳሚየትስኪን ሐሳብ በሌላ መንገድ መልሰው አገኙት፤ ዛሬ «ክሪቲካል ፓዝ» የምንለው ነው። በዓመቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ፐርት የሚባለውን የስኬጁል ዘዴ አወጣ፤ ዝናውም ዓለምን አዳረሰ። ኋላ ሃርቪ ሳፖልስኪ የተባለ ምሁር ነገሩን መርምሮ በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ ግን ፐርት ሥራውን ከመምራት ይልቅ ኃላፊዎችንና ተቺዎችን ዝም ማሰኛ ሆኖ እንዳገለገለ ገለጸ። ይህን ሳነብ የእኛ የጨረታ ሰነድ ፊቴ ድቅን አለ።

ቀኑ የምር የሆነ ሕንፃ ግን በከተማችን በአዲስ አበባም አለ፤ የአፍሪካ አዳራሽ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ18 ወራት ገደማ ተሠርቶ በፌብሩዋሪ 1961 ተመረቀ። ቀኑ የወረቀት ቀን አልነበረም፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስብሰባ እየጠበቀው ነበር።

እንዲህ የሚጠብቀው ስብሰባ ለሌለው ሥራስ? በ1990ዎቹ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃወል የተባሉ አሜሪካውያን ቀላል ነገር ቆጠሩ፤ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቱ አለቀ? ያገኙት ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም ነበር። መፍትሔያቸው አዲስ ሠንጠረዥ አልነበረም። ሥራውን የሚሠራው የቡድን አለቃ ራሱ ቀን እንዲቆርጥ፣ «አልችልም» የማለት መብትም እንዲኖረው፣ ያልተፈጸመውም ምክንያቱ በሁሉም ፊት እንዲጻፍ አደረጉ።

ሕንፃ የምታሠሩ ሆይ፣ ኮንትራክተሩ ስኬጁል ሲያቀርብላችሁ ቀለሙን አትዩ። ቀኖቹን ከፎርማኑ፣ ከፌራዮውና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተቀምጦ እንደቆረጣቸው ጠይቁት፤ አማካሪያችሁም ንድፉን የሚያስረክብበት ቀን እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ አትፈርሙ።