ስሙን ቀይራችሁ ውሰዱት

በቾ ቦሬ፣ ጅማ። አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካም ተጠጥቶ አላለቀም፤ የሰው ሥራ ወስዶ፣ ቀይሮ ማከፋፈል ሌብነት ነው ወይስ አይደለም? እኛ እንደሆንን ፕሮግራም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጥን ነው ያደግነው። የፈቃዱን ጽሑፍ ማን አንብቦት ያውቃል? እስቲ ዛሬ የአንዱን ታሪክ እናውጋ።

አሜሪካዊው ላሪ ዎል ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኮዱን አንብቦ ከሚያስፈጽመው ፕሮግራም ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ሲለቅ ሁለት ነገር ከለከለ፤ ገንዘብ ማግኛ ማድረግንና እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለትን። በ1989 ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ሲመጣ መሸጡ ተፈቀደ፤ አሻሽሎ የሚያከፋፍል ግን ምንጭ ኮዱንም መስጠት ግድ ሆነበት። በ1991 ደግሞ አርቲስቲክ የተባለ ፈቃድ በአማራጭነት ተጨመረ። ያሻሻላችሁትን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ካልፈለጋችሁ፣ ከሚሰጣችሁ መንገዶች አንዱ ይሄ ነው፦ ስሙን ቀይሩ፣ ልዩነቱን ጻፉ፣ ዋናውንም አብራችሁ ስጡ።

ዳንኤል ያዕቆብ ለግዕዝ ፊደል የሚሆኑ የፐርል ሞጁሎች ጽፎ ሲያከፋፍል ማንንም መለመን አላስፈለገውም።

ነገሩ ለቡና አገር ልጅ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተወዛገበች በኋላ በ2007 የፈቃድ ስምምነት ተፈራረመች። ቡናውን ቁሉት፣ ደባልቁት፤ ስሙ ግን ባለቤት አለው።

እንግዲህ የኛ መልስ፦ መቀየር ሌብነት አይደለም። ሌብነቱ የሠራውን ሰው ስም መፋቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፍላሽ ስንቀባበል የፈቃዱን ፋይልም አብረን እንገለብጣለን።