ሐኪምም ይማራል

ባለፈው ሳምንት እናቴን ለልብ ኤኮ ወስጃት ወጣቱ ሐኪም «ማዘር ትንሽ ይታገሱኝ፣ ሲኒየሬን ልጥራ» አላት። «አያውቅም እንዴ?» አልኩ በሆዴ።

ማታ ታሪኩን ሳነብ አፈርኩ። በ1953 እ.ኤ.አ. ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ሄልሙት ኸርዝ የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ መዘገቡ። መጀመሪያ የሞከሩት ከመርከብ ፋብሪካ በተዋሱት የብረት ስንጥቅ መፈተሻ ነው። ያዩት ግን ሥዕል ሳይሆን የሚወዛወዝ መስመር ነበር። የሚያስተምራቸው የለ! ኤድለር አንዱን መስመር የልብ ግድግዳ ነው ብሎ ነበር፤ ኋላ ከአስከሬን ምርመራ ጋር ሲያመሳክረው ሚትራል ቫልቭ ሆኖ ተገኘ።

ዓይን የሚሰላው እንዲህ ነው፦ አይቶ፣ ገምቶ፣ ከእውነቱ ጋር አስተያይቶ።

ተማሪዎቼ፣ «ልጠይቅ» የሚል ሐኪም አያስፈራችሁ። የማይጠይቀውን ፍሩ። እናቴ ደህና ናት፣ ተመስገን።