ጋዝ የሚሸተው ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሲሊንደር የምትቀይር እናትም፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ምድር ቤቱ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ፈርነስ ያለው ቤተሰብም አንድ ሽታ ያውቃሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ያ ሽታ ሲመጣ ሰው ሁሉ «ጋዝ! ጋዝ!» እያለ በርና መስኮት ይከፍታል። ጋዙ ራሱ ግን በመሠረቱ ሽታ የለውም። ሽታው መርካፕታን የሚባል ኬሚካል ነው፤ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ዘዴው ከድሮም የታወቀ ነበር። በሕግ ግዴታ እንዲሆን ዋናውን ግፊት የፈጠረው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ያለቁ ልጆች ሞት ነው።

ኒው ለንደን በምሥራቅ ቴክሳስ የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢው ላይ ነዳጅ ተገኘ። መላው አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ሲንገዳገድ የኒው ለንደን ትምህርት ቤት ከነዳጁ በሚሰበሰብ ግብር በለጸገ፤ በግቢው ውስጥ ሳይቀር የነዳጅ ጉድጓድ ነበረው። ከአሜሪካ ሀብታም የገጠር ትምህርት ቤቶች አንዱ ይባል ነበር። ነገሩን የሚያንገበግበው ይሄ ነው፤ ድህነት ያመጣው አደጋ አልነበረም።

ሕንፃው ሲታቀድ አርክቴክቱ ያሰበው ውኃ በአንድ ቦታ ፈልቶ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደየክፍሉ እንዲሄድ ነበር። እሳቱ አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይህን ትቶ በየክፍሉ የሚበሩ 72 የጋዝ ማሞቂያዎች አስገጠመ። ጋዙ በሕንፃው ሁሉ ተዘረጋ፤ መገጣጠሚያው በዛ፤ መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ጋዝ ሊያመልጥ የሚችልበት ቦታም ይበዛል። ከወለሉ በታች ደግሞ 77 ሜትር ርዝመትና 17 ሜትር ስፋት ያለው፣ አየር እንደ ልብ የማይገባበት የተዘጋ ባዶ ቦታ ነበር።

እስከ ጥር ወር 1937 ድረስ ትምህርት ቤቱ ጋዝ የሚገዛው ከአንድ አቅራቢ ኩባንያ ነበር። ከዚያ በወር 300 ዶላር ያህል ለመቆጠብ ሲባል ውሉ ቀረ። ቧንቧ ሠራተኞች የሌላ ኩባንያን የትርፍራፊ ጋዝ መስመር ቀጥለው ወደ ሕንፃው አስገቡት። ትርፍራፊ የተባለው ከነዳጅ ሥራ የሚተርፈውና ብዙ ጊዜ ለብክነት የሚቃጠለው ጋዝ ነው። ቦርዱም ዋና ኃላፊውም ያውቁ ነበር፤ ፈቅደዋልም። ነውር አልነበረም፤ በዚያ አካባቢ መኖሪያ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ ያደርግ ነበር። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚባል ነገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ ተቆጥሮ አያልቅም።

ሁለት ወር አለፈ። ቀኑ ሐሙስ መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1937 ነበር። አዲስ አበባ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ካነባች ገና አንድ ወር አልሞላም። ኒው ለንደን ውስጥ ወላጆች ከዋናው ሕንፃ 30 ሜትር ያህል ርቆ ባለው ጂምናዚየም ስብሰባ ተቀምጠዋል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት አለፍ ሲል የእጅ ሙያ መምህሩ የእንጨት ማለስለሻ ማሽኑን አበራ። ክፍሉ በጋዝ መሞላቱን አላወቀም፤ የሚያውቅበት መንገድም አልነበረውም። ከማብሪያው የወጣው ብልጭታ ጋዙን አቀጣጠለው፤ እሳቱ ከወለሉ በታች ገባ። ሕንፃው ወደ ላይ ብድግ ብሎ ተመልሶ ወደቀ። ሁለት ቶን የሚመዝን ኮንክሪት 60 ሜትር ተወርውሮ መኪና ጨፈለቀ።

ቀድመው የደረሱት በስብሰባው የነበሩት ወላጆች ናቸው። ከነዳጅ ጉድጓዶቹም ሠራተኞች ከባድ ማሽን ይዘው መጡ። ሌሊቱን ሙሉ በዝናብ ውስጥ በመብራት ቆፈሩ፤ ፍርስራሹን ለማንሳት 17 ሰዓት ፈጀ። በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት 500 ያህል ተማሪዎችና 40 መምህራን ወደ 300 የሚጠጉት ሞቱ። አዶልፍ ሂትለር ሳይቀር የሐዘን ቴሌግራም ላከ።

ምርመራው ጋዙ ከአንድ የተበላሸ መገጣጠሚያ አምልጦ ከወለሉ በታች እንደተጠራቀመ ደመደመ። ከዚያ ቀን በፊትም ጋዝ እንደሚያመልጥ የሚጠቁሙ ምልክቶች ታይተው ነበር። ተጠያቂ የተደረገ ኃላፊ ግን የለም። ከ70 በላይ ክሶች ቀረቡ፤ ለፍርድ የደረሱት ጥቂቶች በማስረጃ እጦት ተዘጉ። ዋና ኃላፊው በሕዝብ ግፊት ሥራውን ለቀቀ፤ እሱም በፍንዳታው ልጁን አጥቷል።

በዚያው ዓመት የቴክሳስ ምክር ቤት ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። በምሕንድስና ሙያ ለመሥራት መመዝገብ ግዴታ የሆነበት ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ጋዙ ሊፈነዳ ከሚችልበት መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ በሰው አፍንጫ መታወቅ አለበት ይላል። የተፈጥሮ ጋዝ የሚቀጣጠለው ከአየሩ 5 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ስለሆነ፣ 1 በመቶ ሲደርስ መሽተት አለበት ማለት ነው።

ሽታው የሚጠቁመው ግን ያልተቃጠለ ጋዝን ብቻ ነው። ፈርነሱ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ፣ የጭስ ማውጫው ሲደፈን ወይም ሙቀት ማስተላለፊያ ብረቱ ሲሰነጠቅ ወደ ቤት የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ መርካፕታኑ በእሳቱ ተቃጥሎ ስላለቀ አይሸትም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ሰው ጉንፋን መስሎት ይተኛል። ለዚህ መድኃኒቱ መኝታ ክፍሎች አጠገብ የሚሰቀል ማንቂያ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ፈርነስ ሲቀይሩ «እጁ የተፈታ ልጅ አለ፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራዋል፤ የከተማው ፈቃድ ደግሞ ለምን?» ይላሉ። ፈቃድ ሲወጣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቧንቧው ግፊት ተሞልቶ ጌጁ መውረድ አለመውረዱ ይታያል፤ መገጣጠሚያው ላይ ሳሙና ተቀብቶ አረፋ መሥራት አለመሥራቱ ይፈተሻል፤ ማሞቂያው አጠገብ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ መኖሩ፣ ጭሱ ከቤት ውጭ መውጣቱ፣ እሳቱ የሚበቃ አየር ማግኘቱ ይረጋገጣል። በኒው ለንደን ቧንቧውን ያስቀጠሉትም፣ ሥራውን ያጸደቁትም፣ 300 ዶላሩ የሚተርፍላቸውም እነዚያው ሰዎች ነበሩ።