ለአባት «እርስዎ»፣ ለፈጣሪ «አንተ»

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በእንግሊዝኛ ክፍል የሠራነው ስሕተት ነው። በእንግሊዞች ጸሎት ውስጥ ያገኘነው «ዛው» የሚለው ቃል ከ«ዩ» የሚበልጥ የአክብሮት ቃል መስሎን፣ ለመምህራችን በጻፍነው ደብዳቤ ላይ ደጋግመን አገባነው። መምህሩም ሣቁና «ልጆቼ፣ አንተ እያላችሁኝ እኮ ነው!» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዛው» ለአንድ ሰው፣ «ዩ» ግን ለብዙዎች የሚነገር ነበር። ከ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ ወዲህ ግን እንግሊዞች እንደ ፈረንሳዮች ሁሉ ትልቁን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ስለ ጀመሩ፣ «ዛው» ለልጅ፣ ለሎሌና ለቅርብ ወዳጅ ቀረ። በ17ኛው መቶ ዘመን ጆርጅ ፎክስና ተከታዮቹ ኩዌከሮች፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲሉ ዳኛውንም ባለጸጋውንም «ዛው» በማለታቸው ብዙ ስድብና ዱላ ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የዕብራይስጡንና የግሪኩን ነጠላ ቁጥር ተከትሎ እግዚአብሔርንም ሰይጣንንም «ዛው» ይላል። ኋላ ቃሉ ከገበያና ከቤት ጠፍቶ በጸሎት ሲቀር፣ የጠፋ ነገር ይከበራልና፣ የታላቅነት ቃል መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የታረመ ትርጉም እንኳ ሰውን «ዩ» እያለ እግዚአብሔርን ሲያነጋግር «ዛው»ን አልተወም፤ የተወው በ1989 ሲታደስ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ግዕዝ ንጉሡንም ድኻውንም «አንተ» ነው የሚለው። የአማርኛው «አንቱ» የመጣው ከግዕዙ «አንትሙ»፣ ይኸውም ከብዙ ቁጥር ስለ ሆነ፣ የሄደበት መንገድ የእንግሊዝኛው «ዩ» የሄደበት ነው። «እርስዎ»ም «ራስዎ» ከማለት የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ትሕትና ወደ ጸሎት አልገባም። ንጉሠ ነገሥቱን «ግርማዊነትዎ» ይል የነበረ መኰንን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ፈጣሪውን «አንተ»፣ እመቤታችንንም «አንቺ» ይል ነበር።

በመሰላም ቢሆን ያው ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሽማግሌውን «ኢሲን» ብሎ ዋቃን «አቲ» ይላል፤ በዐረብኛው ፋቲሐም አላህ የሚጠራው በነጠላ ነው። ይህን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ ስለ ታናሽ ወንድሙ አጫወተን። ልጁ አባቱን «እርስዎ» እንዲል ተቈጥቶ የተማረ ነውና፣ አንድ ማታ ሲጸልይ «እግዚአብሔር ሆይ፣ እርስዎ ይጠብቁን» አለ። አያቱም ከመደባቸው ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ እንግዳ አደረግኸው?» አሉት።