የሚጣል ወረቀት ታሪክ፦ ስቴንስል፣ ጀላቲንና የእጅ ኅትመት በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች



ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት ዕቃዎች ይታያሉ። አንደኛው በስቴንስል የተባዛ የፈተና ወረቀት ነው። ሁለተኛው ፊደል ተቆርጦ የወጣለት ቆርቆሮ ነው። ሦስተኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪ የነበረች እኅት በፈቃዷ ያዋሰችኝ አውቶግራፍ ደብተር ነው። አራተኛው በትሪ ላይ የረጋ ጀላቲን ሲሆን ትናንት ማታ በቤቴ ያዘጋጀሁት ነው። ስለ አራቱ ዝምድና መናገር የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ መጥተው የሠሩትን አሳዩኝ። በረጋ ጀላቲን ላይ ቀለም በሮለር ቀብተው፣ የቡና ቅጠል አስቀምጠው፣ ወረቀት ጭነው ያነሡት ኅትመት ነበር። የቅጠሉ ሥር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኅትመቱን ከቆረጡት ጋዜጣ፣ ከጨርቅ ቁራጭና ከእጅ ጽሑፍ ጋር በደብተር ላይ ለጥፈውታል። ዛሬ ይህ ዓይነቱ ሥራ በብዙ አገሮች የመዝናኛ ጥበብ ሆኗል፤ ተማሪዎቹም የተማሩት ከቪዲዮ ነው። «ዶክተር፣ ይህ በእኛ አገር ታሪክ አለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ የዛሬው ንግግር የዘገየ መልሴ ነው።

መልሱን ባጭሩ ላስቀድም። ማተሚያ ቤት ባልነበራቸው ከተሞች ማተሚያ ቤቱ ይህ የእጅ ሥራ ነበር፤ የልጆችም መጫወቻ ይኸው ነበር። ሥራውን ከቁም ነገር ሳንቆጥረው፣ ጨዋታውንም ከታሪክ ሳንቆጥረው ስለኖርን ሁለቱንም ልናጣቸው ተቃርበናል።

ከጀላቲኑ እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በአውሮፓ ሄክቶግራፍ የሚባል የማባዣ ዘዴ ተስፋፋ። ስሙ «መቶ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉ በአኒሊን ቀለም በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረቀቱ በረጋ ጀላቲንና ግሊሰሪን ላይ በፊቱ ተደፍቶ ሲቆይ ጀላቲኑ ቀለሙን ይመጣል። ከዚያ ባዶ ወረቀት እያንዳንዱን በተራ ጭኖ ማንሣት ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ተገልብጦ በጀላቲኑ ላይ ያርፋል፤ ዳግመኛ ተገልብጦ በወረቀቱ ላይ በትክክል ይነበባል። ስሙ መቶ ቢልም ጥሩ ቅጂ የሚገኘው በአብዛኛው ከ50 ያህል አይበልጥም፤ እየቆየ ሐምራዊው ቀለም ይደበዝዛል። ዛሬ ተማሪዎቻችን የሚጫወቱበት የጀል ኅትመት የዚህ መሣሪያ የቅርብ ዘመድ ነው።

ስቴንስል ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1876 ቶማስ ኤዲሰን ወረቀትን በመርፌ እየበሳ የሚጽፍ ብዕር የፈጠራ መብት አገኘበት። እ.ኤ.አ. በ1881 ዴቪድ ጌስቴትነር በለንደን የራሱን ዘዴ አስመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ በአሜሪካ «ሚሚዮግራፍ» ገበያ ላይ ዋለ። የሁሉም መርሕ አንድ ነው፤ በሰም የተቀባ ስስ ወረቀት በተበሳበት ቦታ ብቻ ቀለም ያሳልፋል። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ከመንገድ ዞር ይደረጋል፤ የብረቱ ፊደል ሰሙን እየመታ ይቆርጠዋል። ስሕተት ከተፈጠረ ቀይ ፈሳሽ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ እፍ ብሎ፣ እንደገና መምታት ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁላችሁ የዚያን ፈሳሽ ሽታ ታስታውሳላችሁ።

በአገራችን የጋዜጣ ታሪክ መነሻም ከእጅ ማባዛት የራቀ አይደለም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድርያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ ያዘጋጀው የነበረው «አእምሮ» መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ያህል ይሰራጭ እንደነበር፣ ማባዣ መሣሪያ ሲገኝም ቅጂው ወደ 200 ከፍ እንዳለ የጋዜጣ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1914 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዋና ከተማዋ ራሷ ከማተሚያ ቤት በፊት ማባዣ ነበራት። ለክፍላተ ሀገር ከተሞች ግን ይህ «በፊት» ለብዙ አሥርተ ዓመታት የቀጠለ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ኢሉባቦር እንምጣ። የዚህ አገር የመጀመሪያው ኅትመት መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ኬሻ ላይ የታተመ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል የጋምቤላን የንግድ ጣቢያ ካስገኘ በኋላ፣ የጎሬና የአካባቢው ቡና በቡሬ በኩል በበቅሎና በሸክም ወደ ባሮ ይወርድ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገራል። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ የነጋዴ ከተማ የሆነችውም በዚህ መንገድ ነው። ቡና ረጅም ጉዞ ሲሄድ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚናገር ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱ የሚታተመው ደግሞ በተቆረጠ ቆርቆሮና በቀለም ብሩሽ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ አልሞተም፤ በዓለም ገበያ በ60 ኪሎ ግራም ኬሻ የሚላክ ቡናችን ላይ የአገራችን መለያ ቁጥር የሆነው 010 በስቴንስል ታትሞ ታገኙታላችሁ።

ይህን ቆርቆሮ ተመልከቱ። «መቱ» የሚል ጽሑፍ ተቆርጦበታል። «መ» ሁለት ዝግ ቀለበቶች አሉት። ቀለበቱን ዙሪያውን ብትቆርጡት መካከሉ ተፈንቅሎ ይወድቃል፤ ፊደሉም ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ ቆራጩ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ መካከሉን ከውጭው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ መተው አለበት። «በደሌ» ብትጽፉ በ«ሌ» ቀለበት ላይ ያው ችግር ይገጥማችኋል። «ወ»፣ «ቀ» እና «ዐ»ም እንዲሁ ናቸው። በሰም ወረቀቱም ላይ ቢሆን ጸሐፊዋ መኪናውን አጥብቃ ከመታች የ«ወ» ሆድ ይወድቅና በሁሉም ቅጂ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን ለብራናና ለመቃ ብዕር የተቀረጸ ነው፤ ከቆርቆሮና ከሰም ጋር ያስማሙት ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ቆራጮችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ስለ ፊደል ታሪክ ስንጽፍ እነርሱን የምናነሣበት አንድ አንቀጽ እንኳ የለንም።

የማባዣው ትልቁ ዘመን ግን የትምህርት ቤቱ ዘመን ነው። የክፍል ፈተና፣ የመምህር ማስታወሻ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የክበብ መጽሔት ሁሉ የሚወጣው በስቴንስል ነበር። ፖለቲካውም በዚያው ወረቀት መጣ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በኅቡዕ እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሰማሩ፤ የማባዛት ልምድም ከዘማቹ ጋር ወደ ገጠር ከተሞች ዘለቀ። መንግሥት የመሣሪያውን ኃይል አልናቀውም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ከጦር መሣሪያ ጎን ለጎን የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ይፈለግ ነበር። ሰም የተቀባ ወረቀት ሰውን ለሞት የሚያበቃበት ዘመን ነበር። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ያው መንግሥት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ሲጀምር የተባዛ ወረቀት የማንበብ መማሪያ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ጨዋታው የት ነበር? እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከራሴ ልጅነት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በምማርበት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፈተና የሚያባዙ አንድ ጋሼ ነበሩ። ነሐሴ ሲገባደድ፣ የተረፈ ስቴንስል ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መልአክ፣ ፀሐይና አደይ አበባ ይስሉልን ነበር። ጥቂት ቅጂ ያወጡና ይሰጡናል። እኛ ደግሞ ቀለም እንቀባቸዋለን፤ ከዚያ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሴቶቹ «አበባየሆሽ» ሲሉ እኛ ወንዶቹ ሥዕሉን ይዘን በየቤቱ እንዞራለን፤ የሥዕሉም ምላሽ ሳንቲም ነው። ስቴንስል ያላገኘ ልጅ ሥዕሉን በመስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ ይገለብጣል፤ ካርቦን ያለውም በካርቦን ያባዛል። መስመሩ የሁሉም አንድ ነው፤ ቀለሙ ግን የየራሱ ነው። የአንዱ መልአክ ክንፍ አረንጓዴ፣ የሌላው ቢጫ ይሆናል። የዛሬ ተማሪዎቼ በጀላቲን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቅርጹን ይደግማሉ፣ ቀለሙን ይለዋውጣሉ።

አውቶግራፉንም ተመልከቱ። ከመጽሔት የተቆረጠ ጽጌረዳ፣ የደረቀ ቅጠል፣ በማስመሪያ የተሠራ ሐረግ፣ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የተጻፈ የመለያያ ምክር አለበት። በእንግድነት የሚመጡ ባለሙያዎች «የጥበብ ማስታወሻ ደብተር» ብለው የሚያስተምሩት ነገር ከዚህ ምን ይለያል? የጭቃ ቤታችን ግድግዳስ? አቧራ እንዳይረግፍ በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ሲለጠፍ፣ ብዙ ልጆች ተጋድመው ፊደል የለዩት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ ያስተማረው የእንጨት ኅትመት በሥነ ጥበብ ታሪካችን ውስጥ በሚገባ ቦታ አግኝተዋል። ግድግዳውና አውቶግራፉ ግን የትም አልተመዘገቡም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፤ የታሪክ ምንጭ አይሆንም» ይሉኛል። ተቃውሟቸው ክብደት አለው። በእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ ቀን የለም፤ ፊርማ የለም። በአውቶግራፍ ላይ የሚጻፈው ምክርም ከደብተር ደብተር ይደጋገማል። ይሁን እንጂ ሠሪው ማን ነው፣ ወረቀቱና ቀለሙ ከየት መጣ፣ ማን ለማን ሰጠው የሚሉትን ጥያቄዎች እንደ ማንኛውም ሰነድ ልንጠይቀው እንችላለን። በፈተና ወረቀቱ ጀርባ ላይ የተሳለች አንዲት መኪና፣ በዚያ ዓመት በዚያ ከተማ የደረሰውን የጭነት መኪና ዓይነት ልትነግረን ትችላለች። የመዝገብ ቤት ደብዳቤ ይህን አይነግረንም።

አሳዛኙን ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከብዙ ዓመታት በፊት በወጣትነቴ በማስተምርበት አንድ ትምህርት ቤት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ይጽዳ ተባለ። የ20 ዓመት ያህል የተባዛ ፈተና፣ የክበብ መጽሔትና የግድግዳ ጋዜጣ ረቂቅ ወጥቶ ግማሹ ተቃጠለ፤ ግማሹ በኪሎ ተሸጠ። በሳምንቱ ከገበያ ኦቾሎኒ ስገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት የታሪክ ፈተና ሆኖ አገኘሁት። ጥፋቱን በሌላ ላይ ብቻ አላላክክም፤ ወረቀቱ ሲወጣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «የሚጣል ወረቀት ነው» ሲሉ አልተከራከርኩም፤ የታሪክ መምህር ነበርኩ።

ስለዚህ ንግግሬን የምደመድመው በልመና ነው። ቤታችሁ ስትሄዱ፣ በመቱም ይሁን በጎሬ፣ በበደሌም ይሁን በያዮ ወይም በሁሩሙ፣ ከወላጆቻችሁ ሣጥን ውስጥ እነዚህን ወረቀቶች ፈልጉ። ስታገኟቸው ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ የአኒሊን ቀለም በብርሃን ይጠፋል። በፕላስቲክ ማጣበቂያ አትጠግኑ፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ያቢጫል። በስልካችሁ የፊትና የኋላ ገጹን አንሡ። ባለቤቱን ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሆነና በምን እንደተባዛ ጠይቁና በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። አውቶግራፍ የሰው ምስጢር ስለሆነ ያለ ፈቃድ አታሳዩ። ጋሼዎቹና እትዬዎቹ በሕይወት ሳሉ እጃቸው እንዴት ይሠራ እንደነበር እንዲያሳዩአችሁ ለምኗቸው፤ ዕቃው ቢጠፋ እንኳ የእጁ አሠራር ይተርፋል።

የቡና ቅጠል ያተማችሁ ተማሪዎቼ፣ ጥያቄያችሁን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁና ጠረጴዛው የእናንተ ነው። ኅትመታችሁን ስትጨርሱ ግን በጀርባው ላይ ስማችሁን፣ ቀኑንና ከተማውን ጻፉ። እኛ ሳንጽፍ ቀርተናል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ ሞክሩት፤ ጀላቲኑ ሙቀት አይወድምና ሳይቀልጥ ፍጠኑ።