የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያዎች ውድድርና የአውታር መታደስ፤ ከታሪኩ ለትምህርት ዕቅድ የሚጠቅም ምልከታ

ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ በሚነገርበት ጊዜ ብዙ ሰው ያለ ክርክር የሚቀበለው አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም፣ ኩባንያዎች ሲፎካከሩ አዲስ ቴክኒክ በፍጥነት ይመጣል፤ አንድ ድርጅት ብቻውን ሲይዘው ግን አገልግሎቱ ይተኛል የሚል ነው። አስተሳሰቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁንና የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ዓመት በዓመት ሲመረመር ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ሆኖ ይገኛል። የአውታሩ ዋና ዋና እርምጃዎች የተፈጸሙት ተፎካካሪ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ውድድር ካስከተለው ለውጥም ከፊሉ የታየው ተፎካካሪው አገር ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ለታሪክ ያህል ብቻ የሚፈለግ አይደለም። መማሪያ ጽሑፎችን በስልክ ለማድረስ ወይም መምህራንን በርቀት ለማሠልጠን የሚያቅድ ሁሉ ዕቅዱን የሚመሠርተው በዚሁ አውታር ላይ ነውና፣ አውታሩ የትና በምን ምክንያት እንደሚታደስ ሳያውቅ የሚያዘጋጀው ሰነድ ለከተማ ብቻ የሚሠራ ይሆናል።

በቅድሚያ «ትውልድ» ስለሚባለው ነገር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ትውልድ ድምፅን እንደ ሬዲዮ በአናሎግ ዘዴ ያስተላልፍ ነበር። ሁለተኛው ድምፅን ወደ ቁጥር ለወጠ፣ አጭር መልእክትንም ጨመረ። ሦስተኛው ኢንተርኔትን ኪስ ውስጥ አስገባ፤ አራተኛው ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ያለ ብዙ መቆራረጥ ለማየት አስቻለ፤ አምስተኛው ፍጥነቱን ከማብዛቱም በላይ መልስ የሚዘገይበትን ጊዜ አሳጠረ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ወዲያው አይጠፋም፤ በአንድ ማማ ላይ ሁለትና ሦስት ትውልድ ተደራርቦ ይሠራል። የፊዚክስ መምህራን እንደሚያውቁት፣ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ፣ ለምሳሌ የ900 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይደርሳል፤ ከፍተኛው፣ እንደ 3,500 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ብዙ መረጃ መሸከም ሲችል ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ አዲስ ትውልድ በከፍተኛው ሞገድ እንዲዳረስ ከተፈለገ ማማዎችን ማቀራረብ ግድ ይሆናል። ማማ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ ከዋናው መስመር የሚያገናኘው ፋይበር ወይም ማይክሮዌቭ ይፈልጋል። በተራራና በሸለቆ በተከፋፈለ አገር ይህ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ውድድር ቴክኒክን ወደፊት መግፋቱን ከሚያሳዩት የውጭ ታሪኮች ሁለቱን ብቻ እናንሣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የታወቀው የጂኤስኤም ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ የተከፈተው በፊንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1991 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ በአዲሱ አውታር የመጀመሪያውን ጥሪ ወደ ታምፔሬ ከተማ ምክትል ከንቲባ አደረጉ። ሊጤን የሚገባው፣ ጥሪው የተደረገው በመንግሥት የስልክ ድርጅት አውታር አለመሆኑ ነው። መሥመሩን የዘረጋው ከመንግሥቱ ድርጅት ጋር ለመፎካከር የተቋቋመው ራዲዮሊንያ የተባለው ኩባንያ ነበር። የሚጠብቀው የቆየ ደንበኛ፣ የሚሳሳለትም አሮጌ መሣሪያ ስላልነበረው፣ ወደ አዲሱ ሥርዓት ለመዝለል ከነባሩ ይልቅ ቀለል አለው።

ሁለተኛው ታሪክ የደቡብ ኮሪያ ነው። ሦስቱ የአገሪቱ ኩባንያዎች፣ ኤስኬ ቴሌኮም፣ ኬቲና ኤልጂ ዩፕላስ፣ የአምስተኛውን ትውልድ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 2019 ለመክፈት አስበው ነበር። ቬራይዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀኑን ሊያስቀድም ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ሦስቱም በሚያዝያ 3 ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ አገልግሎቱን ለጥቂት ታዋቂ ሰዎች ከፈቱ። ቬራይዞንም ከሰዓታት በኋላ በቺካጎና በሚኒያፖሊስ በአንዳንድ ሠፈሮች ጀመረ። ተራው ኮሪያዊ ደንበኛ ግን አገልግሎቱን ያገኘው አስቀድሞ በታሰበው ቀን ነው። ይህ ሽቅድምድም ፈገግ ያሰኛል። ሆኖም አንድ ቁም ነገር ያሳያል፤ ፉክክሩ ሲጋል «መጀመር» እና «መዳረስ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ፤ ጋዜጣ የሚጽፈውም ስለ መጀመሩ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ጋር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ከተቋቋመ በኋላ ድርጅቱ ስሙን በየመንግሥቱ ቢለዋውጥም፣ አገልግሎቱን በብቸኝነት መያዙ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አልተለወጠም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ያስጀመረው ይኸው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነበር። በዚያን ጊዜ ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ እንደነበረ የሚያስታውስ መምህር አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ አውታሩ ያደገው ቀስ በቀስ አይደለም፤ በትላልቅ ዝላዮች እንጂ። እያንዳንዱን ዝላይ ያስቻለው ደግሞ ብድር ነው። ወደ 1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዜድቲኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፤ ኩባንያው መሣሪያውንም ገንዘቡንም አብሮ አቀረበ። ሥራው በአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ ዋዜማ የተፋጠነ ሲሆን የጂኤስኤሙን መስመር አስፋፋ፤ ለገጠሩም ሲዲኤምኤ የተባለውን ሌላ ሥርዓት አመጣ። የሲዲኤምኤ ስልክ ከጂኤስኤም ጋር የማይግባባ በመሆኑ፣ ያን ጊዜ መሣሪያውን የገዛ የገጠር ሰው ዓለም ሁሉ ከሄደበት መንገድ ሌላ በሆነ ጎዳና ላይ ቆሞ ቀረ። አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን ምርጫም የሚጠብበት በዚህ ዓይነት ነው።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ አመራሩም ለሁለት ዓመታት ያህል ለፍራንስ ቴሌኮም በውል ተሰጠ። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ሁለተኛው ትልቅ ዝላይ መጣ። በዚህ ጊዜ የ1.6 ቢሊዮን ዶላሩ ሥራ ለአንድ ኩባንያ አልተሰጠም፤ ሁዋዌና ዜድቲኢ 800 ሚሊዮን ዶላር እኩል ተካፈሉት፤ አገሪቱም በቀጠና ተከፋፈለች። ኋላም ከዜድቲኢ ድርሻ ከፊሉ ወደ ስዊድኑ ኤሪክሰን ዞረ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። በአገልግሎት ሰጪዎች መካከል ውድድር ባይኖርም በመሣሪያ ሻጮች መካከል ግን ነበር፤ መንግሥትም ያን ውድድር ከመጀመሪያው ስምምነት በተሻለ ተጠቀመበት። ከዚህ ሥራ የተነሣ ሦስተኛው ትውልድ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ደግሞ አራተኛው ትውልድ በአዲስ አበባ ለ400,000 ያህል ደንበኞች በሚበቃ አቅም ተከፈተ። ዋና ከተማዋ አራተኛውን ስትቀበል ብዙው ገጠር ገና በሁለተኛው ላይ ነበር።

አውታሩ አዲስ መሆኑ ብቻውን አገልግሎት አለመሆኑንም በዚህ ዘመን አይተናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በኢንተርኔት ወጥተው ፈተናው ተሰረዘ፤ በተከታዩ ዓመት ግንቦት ፈተናው እንዳይወጣ ሲባል የሞባይል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ጉዳዩ የአስተዳደር እንጂ የቴክኒክ ስላልነበር ከዚህ በላይ አንሄድበትም።

የዘርፉ በር እንደሚከፈት የተነገረው በግንቦት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚህ ዕለት ጀምሮ ያሉትን ዓመታት አቀድ አስተውሎ ማየት ይገባል። ገና አንድም ተፎካካሪ ሳይታወቅ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀነሰ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አራተኛ ትውልድ አውታር ታደሰ፤ በ2013 ዓ.ም. ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት መባቻ ቴሌብር ተጀመረ። ተፎካካሪው ፈቃዱን ያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በእኛ አስተያየት፣ የሚመጣ ተፎካካሪ ካለ ሰው ቤቱን አስቀድሞ እንደሚጠርግ ሁሉ፣ ነባሩ ድርጅት በአሥር ዓመት ካደረገው የሚበልጥ መሰናዶ በሦስት ዓመት አድርጓል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር ግን፣ ይህ የእድሳት ዘመን ለሁሉም ክልል አንድ ዓይነት አልነበረም።

ፈቃዱ ራሱ ታሪክ አለው። ለውድድር የቀረቡት ሁለት ፈቃዶች ነበሩ፤ ዋጋ ያቀረቡትም ሁለት ወገኖች ብቻ ነበሩ። ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ ሱሚቶሞና የእንግሊዙ ሲዲሲ የተጣመሩበት ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፤ የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን። መንግሥት የኋለኛውን ዋጋ ስላልተቀበለው አንድ ፈቃድ ብቻ ተሰጠ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውድድር የተባለው የሁለት ድርጅቶች ውድድር ነው፤ አንደኛው ከመቶ ዓመት በላይ ያካበተው አውታር ያለው፣ ሌላው ከባዶ የሚነሣ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የደረሰው በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የአምስተኛውን ትውልድ ሙከራ በአዲስ አበባ ከፍቶ ነበር። የቀኖቹን መቀራረብ ያየ ሰው የኮሪያን ሌሊት ማስታወሱ አይቀርም።

አዲስ ገቢው ማማዎችን በሁለት መንገድ አገኘ፤ ከፊሉን ራሱ ተከለ፣ ከፊሉን ከኢትዮ ቴሌኮም ተከራየ። የኪራዩ ዋጋ ሁለቱን ወገኖች ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ክርክሩ ለተራው ሰው የነጋዴ ጉዳይ ቢመስልም ለገጠር ትምህርት ቤት ግን ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ሰው በተሰበሰበበት ከተማ ሁለት ማማ ጎን ለጎን ቢቆም ሁለቱም ገቢ ያገኛሉ። ቤቶች በተራራቁበት ቀበሌ ግን አንዱ ማማ እንኳ ወጪውን መመለስ ያቅተዋል፤ እንዲህ ባለው ቦታ ኩባንያዎች አንዱን ማማ ካልተጋሩ ሁለተኛው ኩባንያ ከቶ አይደርስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚገዛው መሣሪያ በብር ሲተመን እጅግ ስለ ተወደደ፣ ይህ ስሌት ይበልጥ ጠብቋል።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። ቁጥሩ ታላቅ ነው። ነገር ግን ደንበኛ መሆን ስለ ትውልዱ የሚነግረን ነገር የለም፤ በሁለተኛው ትውልድ ብቻ የሚደውል ገበሬና በአራተኛው ፊልም የሚያይ የከተማ ወጣት በዚህ ቁጥር ውስጥ አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በግልጽ ታይቷል። ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ሲወሰን፣ ቴሌግራም ላይ የወጣውን ሥዕልና ማስታወሻ ማግኘት የቻለው ቢያንስ ሦስተኛው ትውልድ በሚደርስበት ስፍራ የሚኖርና ለዚህ የሚሆን ስልክ በቤቱ ያለው ተማሪ ነበር። ቀደም ሲል፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ የፕላዝማው ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ በትምህርቱ አሰጣጥ ላይ ብዙ ነቀፌታ ተሰንዝሯል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነበር። ቢሆንም ያ ዘዴ የተመሠረተው የማማን መንገድ በማይጠብቅ ሥርዓት ላይ ስለነበር፣ ሳህኑና መብራቱ ካለ በማንኛውም ወረዳ ይሠራ ነበር።

ስለሆነም የዕቅድ ባለሙያ የትምህርት ቤቶችን መረጃ ሲሰበስብ «ኔትወርክ አለ ወይስ የለም» ብሎ መጠየቁ ብዙም አይጠቅመውም። በመጠይቁ ላይ የየትኛው ኩባንያ የትኛው ትውልድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንደሚደርስ፣ ማማው መብራት ሲጠፋ ይሠራ እንደሆነ፣ የቅርቡ ማማ የአንዱ ኩባንያ ብቻ ይሁን ወይም በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ለየብቻ የሚሞላ ቦታ ቢኖር መልሱን ርዕሰ መምህሩ ከመምህራኑ ጋር ግማሽ ቀን ባልፈጀ ጊዜ ውስጥ ሊያሟላው ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1148 ስለ ሁለንተናዊ ተደራሽነት የሚናገር ድንጋጌ ስላለው፣ እንዲህ ያለው ዝርዝር ከየወረዳው ተሰብስቦ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲቀርብ፣ ኩባንያዎቹ በራሳቸው ስሌት የማይሄዱባቸውን ትምህርት ቤቶች በስም ለማሳየት ያስችላል።