የደጋን ጉልበትና የኦሞ ሸለቆ ከብት አርቢዎች

ስለ ደጋን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት ጉልበቱን ነው። ከባዱን ስቦ የሚያስፈነጥር እንደ ጀግና ይታያል፤ ቀላሉን የያዘ ግን እንደ ሕፃን ይቆጠራል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው በደቡብ ኦሞ ከጂንካ በታች ባለው ቆላ በሥራ ላይ የቆየው ደጋን ደካማው መሆኑን ነው፤ ደካማ የሆነውም በዕውቀት ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት ነው።

አስቀድሞ የደጋን ጉልበት ምን እንደሆነ መግለጽ ይገባል። ደጋኑን ሰቅለው ከጅማቱ ላይ ክብደት ቢያንጠለጥሉ፣ ጅማቱን ፍላጻው እስከሚሳብበት ልክ ድረስ የሚያወርደው ኪሎ የደጋኑ ጉልበት ይባላል። ነገር ግን ፍላጻው የሚያገኘው ኃይል ከዚህ ክብደት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጅማቱ የተሳበበት ርቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ በአንዱ ደጋን ክንደ ረጅሙ ሰው ከክንደ አጭሩ የበለጠ ኃይለኛ ፍላጻ ይሰዳል።

ለአጋዘን አደን በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሚፈቀደው ዝቅተኛ ጉልበት 18 ኪሎ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተገኙት ደጋኖች ግን ከ45 እስከ 80 ኪሎ እንደሚደርሱ ተገምቷል። ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ደጋን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋታ የሚባሉት አዳኞች በቦረና መካከልም ከድንበሩ ማዶ በኬንያም ይኖራሉ፤ በኬንያ በጻቮ አካባቢ የነበሩት ወገኖቻቸው ዝሆን የሚገድሉበት ደጋን ከእንግሊዞቹ የሚያንስ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ፍላጻቸውን አገራችን ምረንዝ ከምትለው ዛፍ ዓይነት በተቀመመ፣ ልብን በሚያቆም መርዝ ይቀቡ ነበር። መርዝ ካለ ጉልበት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። መርዙ የሚሠራው ከደም ሲገናኝ ስለሆነ ወፍራሙን የዝሆን ቆዳ አልፎ ጠልቆ መግባት አለበት፤ ለድኩላ ቢሆን ግን ቀላል ደጋን ይበቃ ነበር።

ወደ ኦሞ ስንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። ከብት አርቢዎቹ ሕዝቦች ለጦርነትም ለትልቅ አደንም ይመኩ የነበረው በጦር ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ከወረደ በኋላ የዝሆን ጥርስ ንግድ ተስፋፋ፤ ጠመንጃም አብሮ ገባ። በ1979 ዓ.ም. ኛንጋቶሞች በሙርሲዎች ላይ አደጋ ሲጥሉ አውቶማቲክ መሣሪያ ይዘው ነበር፤ የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ ወዲህም ክላሽንኮቭ በየሰፈሩ ተበተነ። ጠመንጃ ይህን ያህል ሲስፋፋ ጦር ወደ ኋላ ሲቀር ትንሹ ደጋን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የሚሠራው ሥራ በጥይት የሚሠራ አይደለምና።

ይህ ደጋን የከብት ደም መቅጃ ነው። በሙርሲ፣ በቦዲ፣ በሐመርና በጎረቤቶቻቸው ዘንድ በበጋ ላሚቱ ስትነጥፍ ወተት ይጎድላል፤ ያን ጊዜ በሬው ሳይታረድ ደሙ ይቀዳል። የከብቱ አንገት በገመድ ይታሠርና የአንገቱ ደም ሥር እስኪያብጥ ይጠበቃል። አንዱ ቀንዱን ይይዛል፤ ሌላው አጭር ፍላጻ ደግኖ ከቅርብ ይወጋዋል። ደሙ በቅል ይቀዳል፤ ትኩሱን ይጠጡታል ወይም ከወተት ጋር ይቀላቅሉታል። ከአንድ ጤነኛ በሬ ጥቂት ሊትር ይገኛል፤ ከዚያም ያ በሬ እስኪያገግም ይተዋል።

እንግዲህ የደጋኑ ልክ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ጉልበቱ ቢያንስ ፍላጻው ቆዳውን ሳይበሳ ይመለሳል፤ ከብቱ ደንብሮ ሁለተኛ አያስጠጋም። ቢበዛ ደግሞ ፍላጻው የደም ሥሩን ወዲያና ወዲህ በስቶ ያልፋል፤ ደሙም ወደ ቅሉ መውረዱ ቀርቶ አንገት ውስጥ ይፈሳል። አዳኙ ጉልበት ቢተርፈው የሚጎዳው ነገር የለም፤ ከብት አርቢው ግን በሁለቱም በኩል የተገደበ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ ሕዝቦች፣ ለምሳሌ ማሳዮች፣ ከፍላጻው ጫፍ ኋላ መግቻ አድርገው ጥልቀቱን ይወስናሉ፤ ይህም ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ መፍታት ነው። በቢላዋ ስለምን አይቆርጡም ለሚለው፣ የሰው እጅ ከብቱ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ይመስለናል፤ ፍላጻው ግን ከብቱ ሳይነቃነቅ ይቀድመዋል።

ይህን መሣሪያ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ከትልልቆቹ ጎን ሰቅሎ መጫወቻ ነው ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከመመረቁ አስቀድሞ ውኃ መያዝ ሲጀምር፣ ዳርቻውን እያጠጣ ማሽላ ያበቅል የነበረው የኦሞ ዓመታዊ ሙላት ቀረ። እርሻው በጎደለ መጠን ሰው ወደ ከብቱ ማየቱ አይቀርም፤ የምግብ ጉዳይ የሚጽፉ መርማሪዎች እህሉን ሲሰፍሩ በቅል የሚቀዳውን መዝለላቸው ስሕተት ይመስለናል።

ሥራው ሲያበቃ የአንገቱ ገመድ ይላላል፤ የደም ሥሩ ሲሟሽሽ ደሙ በራሱ ይቆማል። ፍላጻው ከመሬት ተነሥቶ ይጠረግና ለሚቀጥለው ከብት ይቀመጣል።